መኪና የሌለው ቤተሰብ ከመሐል አዲስ አበባ ወጣ ብሎ በእግሩ የሚኖርበት ሰፈር የት ያገኛል?

ቀበና ማዶ
ሰላም ለሁላችሁ። ቀበና አካባቢ ተከራይተን ነው የምንኖረው። አከራያችን ቤቱን ለሚያገባው ልጃቸው ስለፈለጉት ክረምቱ ሳይገባ መልቀቅ አለብን። እዚሁ አካባቢ ሌላ ቤት ስንጠይቅ የሚጠሩልን ዋጋ የአንዳችንን ደመወዝ ጠራርጎ የሚወስድ ነው። ስለዚህ ወደ ዳር መውጣታችን አይቀርም።

መኪና የለንም፣ ለመግዛትም አቅሙ የለንም። እኔ የምሠራው ለገሃር፣ ባለቤቴ ሜክሲኮ ነው። ትልቁ ልጃችን አራተኛ ክፍል ነው፣ ትንሿ ገና መዋለ ሕፃናት። እናቴም አብራን ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም ቡና አትቀምስም። እስከ ዛሬ ዳቦውም፣ ሽንኩርቱም፣ ጤና ጣቢያውም በእግር ነበር። ባጃጅ ካልተጠራ የትም የማይደረስበት ቤት ውስጥ እሷን ቆልፌባት ሥራ መሄድ አልፈልግም።

የምንፈልገው ከቤት ወጥተን በአሥር ደቂቃ ውስጥ የዕለት የዕለቱን የምናገኝበት፣ ልጄም ውሎ አድሮ ብቻውን ትምህርት ቤት የሚሄድበት ሰፈር ነው። ወደ ሥራ ደግሞ ቢቻል በአንድ ትራንስፖርት፣ ካልሆነ በሁለት። ደላላ ስጠይቅ ሁሉም ሰፈር «ሁሉ ነገር አለው»። እዛው የምትኖሩ እውነቱን ንገሩኝ።

ጀሞ አንድ
እህቴ፣ ጀሞ ነይ። ከብሎኩ ሥር ሱቅ አለ፣ ፋርማሲ አለ፣ ዳቦ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ ሥጋ ቤት። ከ11 ሰዓት በኋላ መንገዱ ዳር ጉሊቱ ይዘረጋል። ጎመኑ፣ ቲማቲሙ፣ የሚጠበሰው በቆሎ፣ ልባሽ ጫማ ሳይቀር። ማታ 2፡00 ላይ እንኳን ሰው በሰው ነው፣ ሴት ልጅ ብቻዋን ብትሄድ አትሰጋም። ልጆቹን ኳስ ሲጫወቱ ከበረንዳ ታያቸዋለሽ። እማማም ጀሞ ሚካኤልን ይሳለማሉ።

እውነቱን ንገሩኝ ስላልሽ ግን፣ ጀሞ ውስጥ መኖር ቀላል ነው፣ ከጀሞ መውጣት ነው ሥራው። የሜክሲኮ ታክሲ አለ። ከ1፡00 በፊት ከወጣሽ ሄድሽ። 1፡30 ላይ ከመጣሽ ግን ሰልፉ ይጠብቅሻል፣ ዝናብ ከጣለማ ተይው። ከሜክሲኮ ለገሃር ያው በእግር ነው፣ እሱን አትቁጠሪው።

የባቡር ደንበኛ
ለገሃርና ሜክሲኮ እየሠራችሁ ለምን በታክሲ ትሰቃያላችሁ? የምሥራቅ ምዕራቡ ባቡር ከአያት ተነስቶ በመሪ፣ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ፣ በኡራኤል፣ በስታዲየም አድርጎ ለገሃርና ሜክሲኮ ላይ ነው የሚያወርዳችሁ። አንድ ትኬት፣ አንድ መሳፈር። መገናኛ ላይ የሚያልፈውን ሰልፍ በመስኮት እያየሽ ማለፍ ራሱ ደስታ ነው።

ችግሩ የታወቀ ነው። የከተማው ባቡር በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ለሁለቱም መስመር 41 ባቡር ነበረው። በመለዋወጫ እጥረት ብዙው ቆሟል፣ የሚመጣው ደግሞ ይጨናነቃል። ለዚህ መላው ወደ መነሻው መጠጋት ነው። አያት ላይ የተሳፈረ ወንበር ያገኛል፣ መሪ ላይ ቢያንስ መቆሚያ አይጠፋም። ጉርድ ሾላ ላይ በሩ ሲከፈት የምታዪው የሰው ጀርባ ነው።

ሌላው፣ ቤት ስታዪ ከሐዲዱ በየትኛው በኩል እንደሆነ ልብ በይ። ሐዲዱ አስፋልቱን ለሁለት ከፍሎታል። በካርታ ፊት ለፊትሽ ያለው ፋርማሲ ጋ ለመድረስ እስከ ማቋረጫው ወርደሽ ተመልሰሽ መውጣት ሊኖርብሽ ይችላል። ጉልበት ለሚያም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰላም ፈላጊ
ለገጣፎን ለምን ማንም አላነሳውም? አየሩ ንጹሕ፣ ግቢው ዛፍ በዛፍ፣ የውስጥ መንገዱ አስፋልት። እኛ ያለንበት የሪል እስቴት ግቢ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ሰው ሲሮጥ ማየት ያስደስታል። ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ መኪና በቀስታ ነው የሚሄደው። በእግር መሄድ ከተባለ ከዚህ የተሻለ የት ይገኛል?

ባጃጅ ጠባቂ
ወንድሜ ሰላም ፈላጊ፣ በእግር ወዴት ነው የሚኬደው? ከአጥሩ እስከ አጥሩ? እኔም እዛው አካባቢ ዘመድ ቤት ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ዳቦ አልቆ ዳቦ ለመግዛት ከዋናው በር ወጥተን ባጃጅ ጠበቅን። እሷ የጠየቀችው ሽንኩርት ተገዝቶ የሚመለስበትን እግር ነው፣ ስፖርት የሚሠራበትን አይደለም።

ደግሞ ለገጣፎ ከ2015 ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ነው፣ ማለትም ኦሮሚያ። መታወቂያ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የወረዳ ጉዳይ ሁሉ ወደዚያ ይዞራል። ክፉ ነው አላልኩም፣ ግን ቀድሞ ይታወቅ።

ሰላም ፈላጊ
እሺ፣ ዳቦውን ተረታሁ። አየሩን ግን አልለቅም።

ጡረተኛው
ልጄ፣ እኔ ገርጂ ነው የምኖረው። የኮንዶሚኒየሙ ሥራ ሲጀመር ለሙከራ መጀመሪያ የተሠራው እዚሁ ነው። ዛሬ ገርጂ ዳር አይባልም፣ ኪራዩም የመሐል ከተማ ሆኗል። ስለዚህ ነይ ብዬ አልመክርሽም። የምነግርሽ ስለ እናትሽ ጉልበት ነው።

ኮንዶሚኒየም ብዙው ባለ አራት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሦስተኛ ፎቅ ከተከራየሽ ሰፈሩ የቱንም ያህል ለእግር ቢመች እናትሽ እስረኛ ናት። መጀመሪያ ሳምንት ትወርዳለች፣ ከዚያ በበዓል ብቻ። ውሃ በፈረቃ በሆነበት ሰፈር ደግሞ ላይኛው ፎቅ አይደርስም፣ ጀሪካን ተሸክሞ የሚወጣው ማን ነው? ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ፣ ከዚያ በላይ እንዳታዪ። አንደኛ ፎቅ ያለው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ዋጋ ይጨምርብሻል፣ ጨምሪለት።

የጋራ መጠቀሚያ ቤቱንም ሄደሽ እዪው። የፋሲካ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት እሱ ነው። እሱን መጋዘን አድርገው ያከራዩበት ግቢ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት አይተዋወቅም። ከተቆለፈ ለምን እንደተቆለፈ ጠይቂ።

ቱሉ ዲምቱ
ስለ እኛ ሰፈር ማንም ስላልተናገረ ልናገር። ኪራይ ይቀንሳል፣ አየሩ ጥሩ ነው፣ በብሎኮቹ መሃል ኮብልስቶን ተነጥፏል፣ ሱቁም እየሞላ ነው። እኔ ሥራዬ አቃቂ ስለሆነ ተመችቶኛል፣ ተመስገን። ለገሃር ለሚሠራ ግን አልመክርም። ማለዳ ጎህ ሳይቀድ ሰልፍ ነው፣ ማታም ሰልፍ ነው። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የምታገኚው ውሻ ነው፣ አንዳንዴም ጅብ። ኮዬ ፈጬም፣ አራብሳም ያው ነው። እዚያ ውስጥ በእግር ትኖሪያለሽ፣ ወደ ከተማ ግን ትሰደጃለሽ።

ቀበና ማዶ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ ጡረተኛው፣ የፎቁን ነገር ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፣ ያክብርልኝ።

የባቡር ደንበኛ፣ ሃሳብህ ልቤን ነክቶታል። ግን ደላላው «አያት ነው፣ ለባቡሩ ቅርብ ነው» ብሎኝ ሄጄ ያየሁት ቤት ከጣቢያው ባጃጅ ይዘን ነው የደረስነው። አያት የሚባለው ስንት ነው?

የባቡር ደንበኛ
አያት አገር ነው። አያት አደባባይ አለ፣ 49 ማዞሪያ አለ፣ ጨፌ አለ፣ ዞኑም አለ። ለደላላ ሁሉም «አያት፣ ባቡሩ አጠገብ» ነው። ስልክ ላይ «ከጣቢያው በእግር ይዘኸኝ ትሄዳለህ?» በይው። «ባጃጅ አለ፣ ቅርብ ነው» ካለሽ አትሂጂ።

ንድፍ
ሙያዬ የከተማ ፕላን ነው፣ ትንሽ ላስረዝም።

ድሮ የበቀሉት የአዲስ አበባ ሰፈሮች መኖሪያና ሱቁ፣ ሀብታምና ድሃው ተቀላቅሎ ነው ያደጉት። ቀበና ላይ የለመድሽው እሱን ነው። ከዚያ በኋላ ዳር ዳሩ ላይ በማኅበርና በሪል እስቴት የተሠራው ግን እያንዳንዱ ግቢ በግንብ የታጠረ ነው። ሲኤምሲ ውስጥ ለውስጥ ሂጂ፦ በግራ ግንብ፣ በቀኝ ግንብ፣ ከላይ እሾሃማ ሽቦ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ግን ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት የለም። አንድ ዘበኛ ሬዲዮ ይዞ ተቀምጧል፣ በቃ። እንዲህ ያለ መንገድ ሦስት መቶ ሜትሩ ይረዝማል፣ ማታ ደግሞ ያስፈራል።

የብዙው ኮንዶሚኒየም ብሎክ ምድር ቤት ለንግድ ተብሎ ነው የተሠራው፣ ንግድ ቤቶቹም በጨረታ ነው የተሸጡት። በዚህ ምክንያት ከዳር ሰፈሮች ሁሉ ለእግረኛ የተመቹት፣ ብዙ የሚታሙት እነዚህ ሳይቶች ናቸው። መጠናቸውን ግን እዩ። መጀመሪያ የተሠሩት እነ ገርጂና ጎተራ ትንንሽ ነበሩ፣ ከተማው ውስጥ ገብተዋል። ኋላ የመጡት እነ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ግን ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ናቸው፣ ከመሐሉም ርቀዋል። ላንቺ የሚበጀው በመካከል ያለው ይመስለኛል፦ ጀሞ፣ ሰሚት፣ ከአያትም ለጣቢያው የቀረበው።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ያገኘነው መጀመሪያ መሐል ላይ ነው፤ ከፒያሳ አራት ኪሎ፣ ከመገናኛ ቦሌ፣ ከሜክሲኮ ሳር ቤት። ቆንጆ ነው፣ እኔም እሄድበታለሁ። ሰውየው ግን በኪራዩም በመፍረሱም ወደ ዳር እየወጣ ነው፣ እነ ገላን ጉራ ድረስ። መንገዱ በአንድ በኩል፣ እግሩ በሌላ በኩል ሆነዋል። ወር በገባ በመጨረሻው እሑድ «መንገድ ለሰው» ተብሎ አስፋልት ሲዘጋ የነበረው ራሱ በብዛት መሐል መሐሉን ነበር።

ቤት ለማየት ቅዳሜ ረፋድ አትሂጂ፣ ያን ሰዓት ሁሉም ሰፈር ያምራል። ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ማታ 1፡00 ላይ ሂጂ። ከፌርማታው እስከ በሩ በእግርሽ ሂጂና ስንት ሱቅ መብራት እንዳበራ፣ ጭቃው የት እንደሚጀምር፣ የትኛው ቱቦ ክዳን እንደሌለው እዪ። ጎረምሶች የቆሙበት ጥግ ካለ ሱቅ አጠገብ ነው ወይስ ጨለማ ውስጥ?

ጡረተኛው
የቱቦ ክዳን ነገር ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ክዳኑ ይሰረቃል፣ ጉድጓዱ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ ይተከላል፣ ቅርንጫፉ እስኪደርቅ ማንም አይመጣም። የእግረኛ መንገዱ ላይ ደግሞ አሸዋና ጠጠር ተቆልሏል፣ የቀረውን መኪና ቆሞበታል። እግረኛው አስፋልት ላይ ይወርዳል። ከዚያ «እግረኛው ሥርዓት የለውም» ይባላል!

ሳሪስ አቦ
ሁላችሁም አዲስ ሳይት ብቻ ነው የምታወሩት። ሳሪስን ረሳችሁት? ባቡሩ እኛም ጋ አለ። የሰሜን ደቡቡ መስመር ከቃሊቲ ተነስቶ በአቦና በሳሪስ አድርጎ ስታዲየም ላይ ከምሥራቅ ምዕራቡ ጋር ሐዲድ ይጋራል፣ ለገሃርና ሜክሲኮ ላይም ይቆማል። ገበያችን የቆየ፣ ዕድራችን የቆየ፣ ልብስ ሰፊው የሦስት ትውልድ ልክ ያውቃል።

የሚያስጠላውን ልንገርሽ፦ ዋናው መንገድ የከባድ መኪና ነው፣ ጭሱና አቧራው ይገባል። ልጅ ብቻውን እንዲሻገር አትላኪውም። ከመንገዱ ወደ ውስጥ፣ አዲሱ ሰፈር በኩል ስትገቢ ግን ሌላ ነው። ግቢ ውስጥ የሚከራይ ቤት ከሆነ ሽንት ቤቱ የጋራ መሆን አለመሆኑን ሳታዪ ቀብድ አትክፈይ።

የልጆች እናት
ሁሉም ስለ ታክሲና ባቡር ያወራል፣ ልጆቹን የሚያመጣቸው ማን ነው? እኛ ቤት ስንለውጥ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ነው የመረጥነው፣ ቤቱን ከዚያ ዙሪያ ፈለግነው። ትምህርት ቤት በእግር ከሆነ እናትሽ ማምጣት ይችላሉ፣ ካልሆነ የሰርቪስ ክፍያ ከኪራይ የተረፈሽን ይበላዋል። ምዝገባ ክረምት ላይ ነው፣ ጥሩ የተባለው ቶሎ ይሞላል። በእረፍት ሰዓት አጥሩ አጠገብ ቆማችሁ ከመውጫው እስከ ቤቱ ስንት አስፋልት መሻገር እንዳለ ቁጠሩ። እኔ ከአንድ በላይ ከሆነ እተወዋለሁ።

ወረዳ
ጠቅለል ያለች ጠቃሚ ነገር። በኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ወረዳ ላይ ይመዘገባል፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር በላይ መጠየቅ አይቻልም። «ስድስት ወር ክፈዪ፣ ውል አያስፈልግም፣ እንተማመናለን» የሚልሽ አከራይ ካጋጠመሽ ልጆችሽን ትምህርት ቤት ካስመዘገብሽ በኋላ ነው የሚያስወጣሽ።

ደግሞ ከሁለታችሁ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ፣ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ጠዋትና ማታ በመታወቂያ በነፃ ነው። የሚቆምበትን ቦታ ጠይቃችሁ ቤት ፈልጉ።

ባጃጅ ጠባቂ
የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ነገሩ አለቀ እኮ! ይህን ከላይ ነበር መጻፍ የነበረብህ።

ቀበና ማዶ
ባለቤቴ የመንግሥት ነው፣ እኔ የግል።

ሄደን አየን። ንድፍ እንዳልከው ማታ፣ ከዝናብ በኋላ፣ እናቴንም ይዘን። ከሲኤምሲ ሚካኤል ጀርባ ያየነው ምድር ቤት ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ለባቡሩም ለቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ። ለእኔ ሥራ ከዚህ የሚሻል የለም። መንገዱ ግን ያ ያልከው ግንብ ነው። እናቴ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመችና «እዚህ ብወድቅ ማን ያየኛል?» አለች።

ጀሞ ስንሄድ ጭቃው ጫማችንን በላው፣ ታክሲውም አሰቃየን። እሷ ግን ከብሎኩ ሥር ካለችው ጉሊት ሻጭ ጋር ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተጨቃጭቃ፣ ተስማምታ፣ የትውልድ አገሯን ጠይቃ፣ በርጩማ ተሰጥቷት ተቀምጣ አገኘናት። ለመነሳትም እምቢ አለች። ትምህርት ቤቱ አስፋልት ሳይሻገሩ ነው የሚደረሰው። ባለቤቴ አውቶቡስ አግኝቷል። ስለዚህ የሚሰቃየው የእኔ ጠዋት ብቻ ነው፣ እሱን እችለዋለሁ ብያለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያገኘነው ቤት አንደኛ ፎቅ ነው፣ ከሥሩ ግን ወፍጮ ቤት አለ። ቀን ስላላየነው ድምፁን አላውቀውም። ወፍጮ ላይ ኖራችሁ የምታውቁ አላችሁ?

ሳሪስ አቦ
ጤፍ ሲፈጭ ጩኸቱን ትለምጂዋለሽ። በርበሬ የሚፈጭበት ቀን ግን መስኮት ዘግተሽም ቤተሰቡ በሙሉ ያስነጥሳል። በዓል ሲቃረብማ ሌሊቱን ነው።

ጡረተኛው
ወለሉም ይንቀጠቀጣል። ብርጭቆ ቁም ሳጥን ላይ አታስቀምጪ። ኤሌክትሪኩም እንዳይጎዳሽ ቆጣሪያችሁ ለየብቻ መሆኑን አይተሽ ፈርሚ።

ጀሞ አንድ
ወፍጮውን አውቀዋለሁ፣ ተይው፣ ትንሿ ልጅ በርበሬውን አትችለውም። ከእሱ ሁለት ብሎክ ወረድ ብሎ፣ ከሥሩ የልብስ ስፌት ያለበት ላይ አንደኛ ፎቅ በዚህ ወር መጨረሻ ይለቀቃል። አከራይዋ ጎረቤቴ ናቸው፣ ደላላ አይወዱም። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ላገናኝሽ፣ እማማንም ይዘሽ ነይ።